ምንም ሳያመኝ ስትረስ ቴስት ልሥራ?

«45 ዓመቴ ነው፣ ምንም አያመኝም። ለጥንቃቄ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሄጄ ስትረስ ቴስት ልሥራ?» ላሉት ወንድማችን፦

እኔ አያስፈልግዎትም ባይ ነኝ። ስትረስ ቴስት ማለት በሚሽከረከር የመራመጃ ማሽን ላይ እየሄዱ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በኢሲጂ (ደረት ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች) መመዝገብ ነው። ማሽኑ የሚይዘው የልብ ደም ሥር በጣም ጠቦ፣ ልብ ስትሠራ ደም ሲያጥራት ነው። ሃርት አታክ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ገና ብዙም ባልጠበበ ሥር ላይ የተጋገረው ስብ ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው። «ነጻ ነህ» ተብሎ በወሩ የሚታመም ሰው የሚኖረውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ጤነኛውን በከንቱ ያስደነግጣል። ምርመራው ከ100 ታማሚ 70ውን ይያዝ፣ ከ100 ጤነኛ ደግሞ 20ውን በስህተት «ችግር አለ» ይበል እንበል። ምንም ከማያማቸው 1,000 ሰዎች 20ው የተደበቀ በሽታ ቢኖራቸው 14ቱ ይያዛሉ፤ ከቀሪዎቹ 980 ግን 196ቱ በስህተት ይያዛሉ። ከዚያ ሲቲ፣ አንጂዮግራፊ (የልብ ደም ሥር ራጅ)፣ ወጪ! በሴቶች፣ ግፊት ልቡን ባወፈረበት እና ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ስህተቱ ይብሳል።

ሐኪም ካዘዘልዎት ግን በደንብ ይሠራ። ምርመራው ሊጀመር 3 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ምግብም ቡናም የለም (በረካውን ሲመለሱ ይጠጡታል)። ማሽኑ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር በ10 በመቶ ዳገት ይጀምርና በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። የጮቄን አቀበት የለመደ ሰው እንኳ የሚሳሳተው እጀታውን ጨብጦ ሲንጠለጠል ነው፤ ክብደቱን ክንዱ ስለሚሸከምለት ልብ ሳትፈተን ደቂቃው ብቻ ይቆጠራል። ጣትዎን ለሚዛን ያህል ብቻ ያስነኩ። የደረት ጸጉር ካልተላጨ ደግሞ ኢሲጂው ይንቀጠቀጣል።

የልብ ምትዎ ቢያንስ 149 አካባቢ መድረስ አለበት፤ ከ220 ዕድሜ ተቀንሶ 85 በመቶው ማለት ነው። እዚያ ሳይደርስ የቆመ ምርመራ «ነጻ» ተብሎ አይነበብም። አቴኖሎል (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ምቱ አይወጣለትም፤ ቀድሞ ይናገር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። ውጤቱን ሲቀበሉ ስንት ደቂቃ እንደሄዱና ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ምቱ ስንት እንደወረደ ይጠይቁ፤ ከ12 በላይ ካልወረደ ኢሲጂው ደህና ቢሆንም ሐኪሙን ያነጋግሩ።

ለጊዜው ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል እዚያው ማርቆስ ይለኩ፤ ሲጋራ ካለ ይተውት። አቀበት ሲወጡ ደረትዎን ጨምድዶ ሲያርፉ የሚለቅ ነገር ካለ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይይዎት። አርፈው ተቀምጠውም የማይለቅ ከሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ማሽን ላይ አይወጣም።