ቅባቱ ካጠፋው በኋላ ብሶ የመጣ ሽፍታ

ሰላም እህቴ። «የልጄ አንገት ላይ ክብ ክብ ነገር ወጣ፤ ከሰው ያገኘሁት ቅባት አጥፍቶለት ነበር፣ አሁን ግን ብሶበት መጣ፤ ምን ላድርግ?» ላልሽው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄው ነገር እኔም ቤት ገብቶ ነበር።

የኔ ልጅ የወጣበት ክንዱ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳንቲም የምታክል ነበረች። ዳሯ ከፍ ብሎ ይላጣል፣ መሀሏ የዳነ ይመስላል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጎረቤቴ «ይቺ አሪፍ ናት» ብላ የራሷን ቱቦ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩም ቅላቱም ጠፋ። አቦ ደስ አለኝ! ሳቆም ግን በሳምንቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። ክቡም ተበላሽቶ ቅርፁ አይታወቅም።

ጤና ጣቢያ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ቀባሽው?» ብላ ነው። ቱቦውን ሳሳያት ቤታሜታዞን ሆኖ ተገኘ። እሱ ለችፌ ይታዘዛል፤ የልጁ ግን ጭርት ነው። ጭርት ፈንገስ ነው። ቤታሜታዞን የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ ጭራሽ ተደብቆ እንዲስፋፋ ያመቻችለታል። ክሎትሪማዞል የሚባል ፈንገስ የሚገድል ቅባት ሰጠችን፤ ቀን ሁለቴ፣ ከዳሩ ትንሽ አሳልፈን። ከጠፋ በኋላም ሁለት ሳምንት ቀጠልን። ራስ ላይ ወጥቶ ፀጉር የሚያረግፍ ከሆነ ግን ቅባት ብቻውን አይበቃም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት አለው።

ማታ ማታ የሚብስበት፣ ጣቶቹ መሀል የሚያሳክከው ከሆነና አንቺንም ከጀመረሽ፣ እከክን ጠርጥሪ። ያኔ ልጁን ብቻ ማከም ከንቱ ልፋት ነው። ያላሳከከውም ሳይቀር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይታከማል። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በፀሐይ እንኳ ድሬ አትታማም።

አንዷ «ለምጽ ነው» እንዳለችሽም ጽፈሻል። ለምጽ ይነጣል እንጂ አይላጥም። ነጣ ያለ፣ የማያሳክክ ቦታ ካለው ግን ዓይኑን አስጨፍነሽ በጥጥ ጫፍ ንኪው። ካልተሰማው ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳትውዪ ሳታድሪ አስመርምሪው። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ያድናልም። ሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል እንኳ መጀመሪያ የተቋቋመው ለዚሁ ሕመም ነው። የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው፤ ሳይታከም የቆየ የነርቭ ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

ትኩሳት ካለው፣ ወይም መድኃኒት ውጦ አፉ ከቆሰለና ቆዳው ከተገሸለጠ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ለአሁኑ ያንን ቅባት አቁሚና ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቱቦውን እንዳትረሺ፤ የኛ ነገር የታወቀው በሱ ነው።