መልሱ «አይደለም» ሲሆን

ልጆቼ፣ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 27 ዓመት አልፎኛል። ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም የያዝኩት ግን ሂሳብ ወድጄ አይደለም። ደንበኛ «እየቆየ ይዘጋብኛል» ብሎ ኮምፒውተር ያመጣል። እኔ ፊት ሲሆን ፀባዩን ያሳምራል። ያኔ ፕራይም95ን ከፍቼ ሌሊቱን ሙሉ አስጨንቀዋለሁ። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ወይም ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ችግር ካለበት እስኪነጋ ይናዘዛል።

ፕሮግራሙ ለዚህ እንዳልተሠራ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዋና ሥራው ብቸኛ ቁጥር መፈለግ ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ማለቴ ነው። ሰባት ሁለቶችን አባዙና 1 ቀንሱ። 127 ይመጣል፤ ብቸኛ ነው። በአሥራ አንድ ሁለቶች ሞክሩት። 2047 ይመጣል፤ ብቸኛ ይመስላል፤ ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው። የዚህ ዓይነቶቹ የመርሰን ቁጥሮች ይባላሉ። ሁለቶቹ ሚሊዮኖች ሲሆኑ ነገሩ የወረቀትና የእስክሪብቶ መሆኑ ይቀራል።

በፈረንጆቹ 1996 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ዎልትማን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ጂምፕስ የተባለውን የነዚህን ብቸኛ ቁጥሮች ፍለጋ ጀመረ፤ ፕራይም95 የዚሁ ፍለጋ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ፣ ማለት የፍለጋው ዋና ኮምፒውተር፣ ለየፈቃደኛው ቁጥር ያድላል፤ ኮምፒውተራችሁ ሥራ ሲፈታ ያሰላል፤ «ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም» ለሚለው መልሱን ይልካል። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አይደለም» ነው። እስከ 2024 ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ ያገኘው 18 ቁጥር ብቻ ነው።

ይህን ለምን አመጣሁት? ሱቄ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉ። አንዱን «ይህን ላፕቶፕ እየው» እለዋለሁ። ማታ «ጋሼ፣ ምንም አላገኘሁም» ይለኛል። ምን ምን ሞከርክ ስለው ደብተሩ ባዶ ነው። ራሙ ደህና መሆኑን ማወቅ እኮ ሥራ ነው! ካልጻፈው ነገ ሌላው ልጅ ያንኑ ራም አውልቆ ከዜሮ ይጀምራል። ጂምፕስ ውስጥ ግን «አይደለም» ራሱ ይመዘገባል። አልፎ ተርፎ የድሮው «አይደለም» ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደገና ይሰላል፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ራሙ ተበላሽቶ ተሳስቶ ሊሆን ይችላላ።

ዕድልን በተመለከተ ብዙ የምላችሁ የለኝም። በ2017 ያገኘው የቴነሲው ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ጆናታን ፔስ 14 ዓመት ፈልጓል። በዓመቱ ያገኘው የፍሎሪዳው ፓትሪክ ላሮሽ ደግሞ በአራተኛ ሙከራው ተሳክቶለታል። እሱም እንደኔ ፕሮግራሙን የያዘው ኮምፒውተር ለመፈተሽ ነበር። መቼም ቅናት አይባልም...

ከሁሉ የሚገርመኝ የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛቱ ነው። እዚያ ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር መስከረም 2015 ላይ 22 ሚሊዮን አሃዝ ያለውን ቁጥር አግኝቶ ላከ። ማሳወቂያ ኢሜይሉ አልወጣም። እስከ ጥር 2016 ድረስ ማንም ሳያየው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተገኘው ለጥገና ብለው መዝገቡን ሲያገላብጡ ነው። ልምምድ ላይ ላሉት ልጆች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ማሳወቂያ አትጠብቁ፣ መዝገቡን ራሳችሁ ክፈቱ።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ድሮ ተቀጥሬ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ማታ ማታ አሥር ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ጫንኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ጠዋት ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሎ ተገኘ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እስከዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ። ተገቢ ነበር። የመብራት ቆጣሪው የሌላ ሰው ከሆነ ጠይቁ።

ምን ይጠቅማል ለምትሉኝ፣ አልዋሻችሁም። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት ያገኘው ቁጥር 41,024,320 አሃዝ አለው። ባንኮች ምስጢር ለመቆለፍ በብቸኛ ቁጥሮች ይጠቀማሉ፤ ይህ ግን ለዚያ አይሆንም፤ ከልክ በላይ ትልቅ ነው። በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ይገኛል። በ2016 የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ከባድ ስሌት ላይ ድርቅ እንደሚሉ ያጋለጠው ይኸው ፕራይም95 ነበር። ዱራንት ደግሞ በ17 አገሮች የተበተኑ ጂፒዩዎችን (የግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን) ነው የተጠቀመው። የኔ አሮጌ ዴስክቶፕ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የምወስደው የድሮ ቁጥሮችን ድጋሚ ማጣራት ነው። ይህን ስጽፍ ጥጉ ላይ ማራገቢያው እየጮኸ ነው። መብራት ቢሄድም ከመጨረሻው ሴቭ ይቀጥላል። ካልሄደ ሐሙስ ያልቃል። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አይደለም።