ጥያቄና መልስ፦ ስም የሌለው የስፖርት መኪና ቦዲ

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በመኪና ጥገና የምተዳደር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በቅርቡ በተከራየሁት ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ሻንሲም ሞተርም የሌለው፣ ጣሪያ አልባ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የድሮ ስፖርት መኪና ቦዲ አገኘሁ፤ ባለንብረቱም እንድወስደው ፈቀደልኝ። ፊቱ ላይ ሞላላ የአየር ማስገቢያ አለው። ማግኔት አይይዘውም፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ የጨርቅ ሽመና የመሰለ ነገር ይታያል። ከፊት ጎማው ማረፊያ መሐል እስከ ኋላው መሐል ስለካው 239 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንዱ ጓደኛዬ ፌራሪ ነው ይላል፤ ሌላው ከቮልስዋገን ላይ የተነሣ ነው ይላል። ምንም ቁጥር የለበትም። የማን ሥራ እንደሆነ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ቀለሙንስ ልፋቀው ወይስ ልተወው? ፎቶዎች ልኬአለሁ።

መልስ፦ ፌራሪ አይደለም። በ1950ዎቹ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፌራሪ የውድድር መኪኖች ቦዲ ከአሉሚኒየም ላሜራ በእጅ እየተቀጠቀጠ ይሠራ ነበር፤ ኩባንያው የፋይበርግላስ ቦዲ ያለው መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1975 በ308 ጂቲቢ ነው። አሉሚኒየምንም ማግኔት ስለማይይዘው የማግኔቱ ሙከራ ብቻውን ነገሩን አይለይም ነበር፤ ክርክሩን የዘጋው ከውስጥ ያዩት ሽመና ነው። ያ ሽመና በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የተነከረ የመስተዋት ክር ጨርቅ፣ ማለትም ፋይበርግላስ፣ በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ላይ በእጅ እየተነጠፈ መሠራቱን ያሳያል። አጫጭር ክርን ከሬዚን ጋር በመርጫ የመርጨት ዘዴ የተስፋፋው ዘግየት ብሎ ስለሆነ፣ ቦዲው ከቀደሙት መካከል የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

የተገኘበት ቦታም ቢሆን ምስክርነት አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ቴክኒክ በደቡብ ካሊፎርኒያ ጀልባ ሠሪዎች እጅ ገባ። ከእነርሱ አንዱ፣ የግላስፓር ኩባንያው ቢል ትሪት፣ ለአንድ ወዳጁ በጂፕ ሻንሲ ላይ የሚቀመጥ የስፖርት መኪና ቦዲ ሠራ፤ ግላስፓር ጂ2 ለተባለው የስፖርት መኪና ቦዲም መነሻው ይኸው ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ በ1953 ኮርቬት የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን 300 የስፖርት መኪኖች በፋይበርግላስ ሲያወጣ፣ በዚያው አካባቢ ትናንሽ ወርክሾፖች ባዶ ቦዲ እየሸጡ ነበር። ገዢው አሮጌ መኪና ፈልጎ ሻንሲውን ያወጣል፣ ቦዲውን ይጭንበታል፣ ቀሪውን እንደ አቅሙና እንደ ትዕግሥቱ ይጨርሳል። ሕጋዊው ቁጥር ከሻንሲው ወይም ከሞተሩ ጋር ስለሚሄድ፣ ብዙዎቹ ቦዲዎች ከመጀመሪያውም ቁጥር አልነበራቸውም፤ ባለማግኘትዎ አይደነቁ።

እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ ቅርጹ ከየት መጣ፣ ከሞልዱ ያወጣው ማን ነው፣ የተጫነውስ በየትኛው ሻንሲ ላይ ነበር? ሰው ሁሉ የሚጀምረው በቅርጹ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ያነሰ እምነት የምጥለው በእርሱ ላይ ነው። የተጠናቀቀ ቦዲ ላይ ሰም ቀብቶ በላዩ ሞልድ ማውጣት ለማንም ቀላል ስለነበር፣ አንዱ ወርክሾፕ የሌላውን ቅርጽ ያለ ሐፍረት ይገለብጥ ነበር። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ባለችው ኤል ሞንቴ የፋይበርግላስ ቦዲ ይሠራ የነበረው ቢል ዴቪን ራሱ የታወቀበትን ቅርጽ ያገኘው ስካሊየቲ ቦዲውን ከሠራለት ኤርሚኒ ከተባለ ትንሽ የጣሊያን መኪና ነው። ስካሊየቲ ደግሞ ለፌራሪ የውድድር መኪኖች ቦዲ የሚሠራው ያው ሞዴናዊ ስለሆነ፣ የጓደኛዎ ዓይን የተሳሳተው በስሙ እንጂ በዘሩ አይደለም። ሞልዶችም ይሸጡ ነበር፤ ቪክትረስ የተባለው ቦዲ ሠሪ ሥራውን ሲያቆም ሞልዶቹ ላ ዳውሪ ወደተባለው ሌላ ሠሪ ተላልፈው ቦዲዎቹ በሌላ ስም ለገበያ ቀርበዋል።

ሻንሲውን በተመለከተ የለኩት 239 ሴንቲ ሜትር ብዙ ይናገራል። የእንግሊዞቹ ኤምጂ ቲሲ እና ቲዲ ሁለቱም በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 94 ኢንች፣ ማለትም 238.8 ሴንቲ ሜትር ርቀት አላቸው። የቮልስዋገን ቢትል 240 ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ ያውም ሻንሲ ሳይደግፈው ለዓመታት መሬት ላይ ተኝቶ በተጣመመ ቦዲ ላይ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ሜትሩን አስቀምጠን ፎቶዎቹን እንይ። ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ሥር የወለሉ መሐል ጉብታ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ካምቢዮው የተቀመጠው በዚያ ሰፊ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከፊት ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ቢትል እንዲህ ያለ ጉብታ አይፈልግም፤ ፊቱ ላይ ያለው ትልቅ የአየር ማስገቢያም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ኤምጂ ነው ብንል፣ ቲሲ ነው ወይስ ቲዲ? የቲሲ የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት ከፊትም ከኋላም 114 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቲዲ ከፊት 120፣ ከኋላ 127 ነው። ቲዲ ወደ 30,000 የሚጠጋ ተሠርቶ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ስለተላከ፣ የፋብሪካው ቦዲም የእንጨት አጽም ስለነበረውና ስለሚበሰብስ፣ በርካሽ የሚገኝ ሻንሲ አልጠፋም። ወለሉ ላይ ተጣብቀው የቀሩ ብሎኖች ካሉ አይጣሏቸው። የእንግሊዙ የዊትዎርዝ ቤተሰብ ብሎን ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው፤ የጥርስ መለኪያ ካለዎት ወዲያው ይለያሉ። (የእነዚህ ኤምጂዎች ሞተር ደግሞ ሜትሪክ ጥርስ ባለው ብሎን ላይ የዊትዎርዝ ራስ የተደረገበት ስለሆነ ስንቱን መካኒክ አስለቅሷል፤ ደግነቱ እርስዎ ዘንድ ሞተሩ የለም።)

የሠሪውን ስም በተመለከተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዴቪንን ነው፤ ሆኖም በልኩ ምክንያት አይደለም። ዴቪን በ295 ዶላር የሚጀምረውን ቦዲ በ27 መጠን ያቀርብ ስለነበር ልክ ብቻውን አያጸድቀውም፣ አይጥለውምም። የሚረዳን በቀለሙ ሥር ያለው የሞልድ መጋጠሚያ መስመር ነው፦ ሠሪው ሞልዱን የት የት እንደከፈለ ያሳያል፤ መስመሮቹ ከታወቀ ቦዲ መስመሮች ጋር አንድ ቦታ ላይ ካልወደቁ፣ ቅርጹ ቢመሳሰልም የተገለበጠ ነው። የክሩስኮቱን ቀዳዳዎችና የበሮቹን ልክ ግን እንደ ማስረጃ አይቁጠሯቸው። የግራው በር ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል፤ ይህም በሩን በመጋዝ የከፈተው ሠሪው ሳይሆን ገዢው መሆኑን ያሳያል።

ቀለሙን አሁን አይፋቁት። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ሬዚኑን ስለሚበላው ጨርሶ አይጠቀሙበት። ከኋላ ፓራፋንጎ ሥር በማይታይ ቦታ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ይሹ፤ የቀለሞቹ ንብብር ከቅርብ ጊዜው እስከ መጀመሪያው ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይወጣል። ሽመናው መታየት ሲጀምር ያቁሙ፤ የመስተዋት ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ስለሆነ ማስክ ያድርጉ። የጎን መብራት ቢያደርጉበት መጋጠሚያዎቹ ቀለሙ ሳይነሣም እንደ ቀጭን ጠባሳ ብቅ ስለሚሉ፣ እነርሱን በጠመኔ አስምረው ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሥተው፣ ከግራና ቀኝ የጎማ ማረፊያዎች ስፋት ጋር ቢልኩልን ዴቪን ነው አይደለም የሚለውን በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።