ኮንትራት ሳያልቅ ለመልቀቅ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ?

30 ቀን ነው። የምትሠራው የግል ድርጅት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ኮንትራትህ ለምሳሌ 4 ወር ስለቀረው ብቻ "ጨርሰህ ነው የምትሄደው" ሊሉህ አይችሉም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አዲሶቹ ቀጣሪዎችህ "ሰኞ ጀምር" እያሉ ቢያዋክቡህም አንድ ወር ጠይቃቸው። ከምር ከፈለጉህ ይጠብቃሉ። ዝም ብለህ ውልቅ ካልክ ግን እስከ 30 ቀን ደሞዝህ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅብህ ይችላል፣ ያውም ከቀሪ ክፍያህ ላይ ተቆርጦ።

ለአለቃህ በቃል ወይም በቴሌግራም ነግረህ ብቻ እንዳትተወው። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንተ ጋ በሚቀረው ላይ ቀንና ማህተም አስደርግበት። እኛ ጋ አንዷ ልጅ በቃል ብቻ ተናግራ ወሩን ሙሉ ሠርታ ስትወጣ "መቼ አሳወቅሽን?" ብለው ክሊራንስ ላይ አመላለሷት።