ተጫዋቹ በሌለበትም የሚኖር የጌም ዓለም

ጥያቄ፦ 40 መንደሮችና 3,000 ሰዎች ያሉበት ጌም እየሠራሁ ነው። ሁሉም በየፍሬሙ፣ ማለትም የስክሪኑ ምስል በታደሰ ቁጥር፣ ሲያስቡ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ከተጫዋቹ የራቁትን ሳጠፋቸው ደግሞ ከ2 የጌም ዓመት በኋላ ሲመለስ መንደሩን ልክ እንደተወው ያገኘዋል። ሁሉንም በጥቅል ስሌት ሳስኬዳቸው በ20 ዓመት ውስጥ አንድ መንደር ይበለጽግና የቀሩት ባዶ ይሆናሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የገጠመዎት ሁለት ችግር ነው፤ አንዱ የፍጥነት፣ ሌላው የሚዛን። የፍጥነቱ ይቀላል።

3,000 ሰው በሰከንድ 60 ጊዜ ሲያስብ 180,000 ውሳኔ ነው። አንዱ ውሳኔ 10 ማይክሮሰከንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ ለአንድ ፍሬም 30 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ ያለዎት ግን 16.7 ነው። ስለዚህ ሩቁን ማጥፋት ሳይሆን በሌላ መጠን ማስላት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ያለበት መንደር ሰው በሰው ይሰላ፤ እንቅስቃሴው በየፍሬሙ፣ ውሳኔው በሰከንድ 5 ጊዜ ቢሆን ይበቃል። አጎራባች መንደሮች በጌም ሰዓት አንድ ጊዜ ይታዩ፤ ሰውየው እርሻ ላይ ነው ወይስ ቤት የሚለው ብቻ፣ መንገድ ሳይፈለግለት። የቀረው ሁሉ በቀን አንዴ የሚታደስ የሂሳብ መዝገብ ይሁን፦ የሕዝብ ብዛት፣ እህል፣ ከብት፣ መሬት፣ ገንዘብ፣ ጸጥታ።

የዓለሙን ሰዓት ከፍሬም ይለዩትና በሙሉ ቁጥር ይቁጠሩት። በ32 ቢት ፍሎት (ክፍልፋይ ያለው ቁጥር በኮምፒውተር የሚያዝበት ዓይነት) ላይ በየፍሬሙ አንድ ስልሳኛ ሰከንድ የሚደምር ሰዓት 262,144 ሰከንድ ሲሞላ፣ ማለትም ከ3 ቀን በኋላ፣ በእጥፍ ገደማ መፍጠን ይጀምራል፤ 524,288 ሲደርስ፣ በ5 ቀን ገደማ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ በዚያ መጠን በሁለት ተከታታይ ፍሎቶች መካከል ያለው ክፍተት ከሚደመረው ቁጥር መብለጡ ነው። በአጭር ሙከራ ስለማይታይ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ስም ያላቸው ሰዎች፣ ነጋዴው፣ አለቃው፣ ሽፍታው፣ በክስተት ወረፋ፣ ማለትም በሰዓት በተደረደረ የቀጠሮ ዝርዝር፣ ይመሩ። ነጋዴው በ4,210ኛው ሰዓት ተነስቶ 36 ሰዓት የሚጓዝ ከሆነ «በ4,246 ይደርሳል» የሚል አንድ መስመር ወረፋው ውስጥ ይግባ፤ በመካከሉ የሚሰላ ነገር የለም። ተጫዋቹ መንገድ ላይ ካገኘው ቦታው ካለፈው ጊዜ ላይ ይሰላል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት የታወቀ ነው፦ ነጋዴው መንገድ ላይ ይገደልና በቀጠሮው ሰዓት ገበያ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው የእትም ቁጥር ይስጡት፤ ዕቅዱ በተቀየረ ቁጥር በ1 ይጨምር፤ ክስተቱ ተራው ሲደርስ የያዘው ቁጥር ካልገጠመ ይጣል። እንደ እሳት ያሉ ድንገተኛ ነገሮችንም በየቀኑ ዕጣ ከማውጣት ቀጠሮ ይያዙላቸው። አማካይ ክፍተቱ 4 ዓመት ከሆነ በ0 እና በ1 መካከል የወጣውን ራንደም ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ−4 ያባዙ። 0.5 ከወጣ ቀጣዩ እሳት ከ2.77 ዓመት በኋላ ነው።

ደንና አጋዘን ያለ ተመልካች ሲቆዩ በየቀኑ ማስላት አያስፈልግም፤ ተጫዋቹ ሲደርስ በአንድ ቀመር ይያዛሉ። ደኑ 200 አጋዘን የሚችል፣ አሁን 50 ያለበት፣ የዓመት ዕድገቱ 0.5 ይሁን። የጎደለውን 150 ለ50 ሲያካፍሉ 3 ነው። ለ3 ዓመት 2.718 አርቢው −1.5 ሲሆን 0.223 ይሰጣል፤ በ3 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት 1.669፤ 200 ለዚህ ሲካፈል 120 አጋዘን። ተኩላ ሲጨመር ግን ይህ አቋራጭ ይዘጋል። አዳኝና ታዳኝን በትልቅ እርምጃ፣ ለምሳሌ በወር አንዴ፣ ሁለቱንም ከድሮው ቁጥር ካሰሉ ማዕበሉ በየዙሩ እየሰፋ ሄዶ አንዱ ወገን ያልቃል። ጥፋቱ የስሌቱ እንጂ የተፈጥሮ አይደለም። በቀን አንዴ ያስሉ፤ መጀመሪያ አጋዘኑን ያድሱ፣ ከዚያ ተኩላውን በአዲሱ የአጋዘን ቁጥር። ከደኑ አቅም 5 በመቶ ያህሉን ደግሞ ተኩላ የማይደርስበት መሸሸጊያ ያድርጉ። ስለ ተጫዋቾችም ያስቡ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን የተባለ የኢንተርኔት ጌም እንዲህ ያለ የአራዊት ሥርዓት ታስቦለት ነበር፤ ተጫዋቾቹ እንስሳቱን ከመራባታቸው ፈጥነው ጨረሷቸውና ሥርዓቱ ሳይታይ ቀረ።

አብዛኛው ጣጣ ያለው ተጫዋቹ መንደር ሲገባና ሲወጣ ነው። ሲቀርብ መዝገቡ ወደ ሰዎች ይዘረጋል፣ ሲርቅ ሰዎቹ ወደ መዝገብ ይሰበሰባሉ። የእያንዳንዱ ሰው መልክና ጠባይ ከዓለሙ የዘር ቁጥር (ራንደም ቁጥሮቹ ከሚመነጩበት መነሻ ቁጥር)፣ ከመንደሩ ቁጥርና ከሰውየው ተራ ቁጥር ይመንጭ፤ ያኔ ነገ ሲመለስ ያው አንጥረኛ ይጠብቀዋል፣ ሴቭ ፋይሉም የተለወጠውን ብቻ ይይዛል፤ «31ኛው ሞቷል» ብሎ። 200 ሜትር ላይ ከዘረጉ 300 ላይ ይሰብስቡ። ሁለቱ ርቀት አንድ ከሆነ ተጫዋቹ ድንበሩ ላይ ሲመላለስ መንደሩ በየሰከንዱ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ከሁሉ የሚደበቀው ስህተት ክፍልፋይ ነው። 75 ሰው በዓመት 3 በመቶ ቢጨምር በቀን 0.006 ሰው ማለት ነው። ሲዘረጉ ወደ ሙሉ ቁጥር አውርደው ሲሰበስቡ ያንኑ ከመለሱ፣ ተጫዋቹ በየቀኑ የሚያልፍበት መንደር መቼም አያድግም። ክፍልፋዩ መዝገቡ ላይ ይቆይ፤ ከዝርጋታው የሚመለሰው ልዩነቱ ብቻ ይሁን። ራንደም ቁጥርንም ከአንድ የጋራ ምንጭ አይቅዱ፤ አለዚያ አንድ ፍየል መጨመር የ40 መንደር ታሪክ ይለውጣል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። አንዱ መንደር ሁሉን የሚውጠው ሀብት ሀብትን ሲጠራ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ነው። ሦስት ልጓም ያስገቡ። ክምችት በወር 2 በመቶ ይበላሽ፤ ያኔ በወር 10 ጆንያ የሚተርፈው መንደር ለዘላለም ሳይሆን እስከ 500 ጆንያ ብቻ ያጠራቅማል። ምርት ከሠራተኛው ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር ይደግ፤ በዚያው መሬት ላይ 4 እጥፍ ሰው 2 እጥፍ እህል። የ30 ቀን ስንቅ ያላነሰው ቤተሰብ ይቆይ፣ ከዚያ በታች ሲወርድ ከሃያ ሰው አንዱ በየወሩ ይሰደድ፤ የሚሄደውም የሕዝብ ብዛት በዝቶ ወደ ሞላው ሳይሆን ባዶ መሬት ወዳለው መንደር ነው።

ዋጋውን መነሻ ዋጋ በ90 ቀን ፍጆታ ተባዝቶ ለክምችቱ ተካፍሎ ያውጡት፤ ከሩብ በታች ወይም ከ4 እጥፍ በላይ እንዳይወጣ ይገድቡት። ግን ነጋዴዎች ሁሉ የዛሬውን ዋጋ እኩል ካወቁ ተሰልፈው አንድ መንደር ይወርዱና ገበያውን ያጥለቀልቁታል፤ በማግስቱ ሌላውን። እያንዳንዱ ነጋዴ የሚያውቀው መጨረሻ ሲጎበኝ ያየውን ዋጋ ብቻ ይሁን፤ መንገድ ላይ ያለ እህልም እንደ ክምችት ይቆጠር። ማንኛውም እህልና ገንዘብ ደግሞ በአንድ የማስተላለፊያ ፈንክሽን ብቻ ይለፍ። እህል የሚፈጥር አዝመራ ብቻ፣ የሚያጠፋ ምግብ፣ ዘርና ብልሽት ብቻ። በየቀኑ ጠቅላላ ድምሩን ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ ጌሙ ወዲያው ይቁም።

ተጫዋቹ ምልክቱን የማያየውን ለውጥ ለማስላት አይድከሙ። የተቃጠለ ቤት፣ አዲስ መቃብር፣ የናረ ዋጋ፣ በእግረኛ ፍጥነት የሚሄድ ወሬ፤ ከነዚህ ወደ አንዱ የማይደርስ ቁጥር ካለ ይሰርዙት።

ሙከራውን ያለ ስክሪን ያድርጉት። 100 ዓመት፣ 365 ቀን፣ 40 መንደር 1,460,000 እድሳት ነው፤ በ10 ማይክሮሰከንድ 15 ሰከንድ ገደማ። በ20 የተለያዩ የዘር ቁጥሮች አስኪደው የየመንደሩን ሕዝብ በዓመት አንዴ ወደ ፋይል ይጻፉና በግራፍ ይዩት። ከዚያ አንድ መንደር ላይ ተጫዋቹን ገትረው ያንኑ 10 ዓመት፣ እንደገና ያለ እሱ፣ በበርካታ የዘር ቁጥሮች ያስኪዱ። አማካዮቹ ከተራራቁ ቅርቡና ሩቁ ስሌት አልተስማሙም። የሩቁን የልደት፣ የምርትና የፍጆታ ቁጥሮች ከቅርቡ ውጤት ለክተው ያስተካክሉ እንጂ ቅርቡን ለሩቁ አያጣምሙ፤ ተጫዋቹ ፊት ለፊት የሚያየው ቅርቡን ነው።