ክፍት ቦታውን ተዉት

ሙዚቃ ለምትሠሩ ልጆች፣

ብዙዎቻችሁ ሥራችሁን ትልኩልኝና "ጋሼ፣ ምን ይጎድለዋል?" ትሉኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ መብዛቱ ነው።

እስቲ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የሬጌ ዘፋኙን የእዮብ መኮንንን "እንደ ቃል" አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት። ዘፈን አትዝለሉ። በስልክ ስፒከር እንዳይሆን ብቻ፤ ቤዙ አይሰማችሁም። ሬጌ ያለ ቤዝ ደግሞ ምኑን ሬጌ ሆነ?

እዮብ የጅግጅጋ ልጅ ነው። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ገና 40 ሳይሞላው አረፈ። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ የድምፁን ነገር ያነሳል፤ እውነት ነው፣ ድምፅ ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ግን እርጋታው ነው። ሆድ የሚያባባ ስንኝ ላይ ሲደርስ አይጮህም። አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወራ ነው የሚለው።

ሬጌው ለዚህ ይመቸዋል። የእኛ ጆሮ በችክችካ ያደገ ነው፤ ችክችካ ፋታ አይሰጥም፣ ትከሻ ይጠራል። ጃማይካውያን "ዋን ድሮፕ" በሚሉት የድራም አመታት ስልት ግን ከአራቱ ምት የመጀመሪያው ባዶ ነው። ድራሙ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ጊታሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ቸክ ብሎ ወዲያው ይቆረጣል። ቤዙ ከሥር የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። መሃሉ ክፍት ነው። ዘፋኙ ቃሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ሰሚውም ቀጣዩ ስንኝ ሳይመጣ የሰማውን ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ሳይጮሁ ሆድ ማስባስ የሚቻለው በዚህ ነው።

እናንተ ያንን ክፍት ቦታ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ኪቦርድ ትጨምራላችሁ፣ ስትሪንግ ትደርባላችሁ፣ ድምፁ ላይ ሪቨርብ፣ ማለትም የሚያስተጋባ ድምፅ፣ ትደፋላችሁ። በቅርቡ አንድ ልጅ እንዲህ የታጨቀ ሥራ ይዞልኝ መጣ። ኪቦርዱን ሚዩት አደረግኩት፣ ሁለተኛውን ጊታርም። ቤዝ፣ ድራም፣ አንድ ጊታርና የእሱ ድምፅ ቀሩ። "ባዶ ሆነ እኮ!" አለኝ። ዝም ብለህ ስማ አልኩት። ስንኙ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ሲያጥር ተሰማ። ድሮም እዚያው ነበረች፤ ኪቦርዱ ውጧት ነው። እኔ ያቺን ትንፋሽ ወደድኳት። እሱ ድጋሚ ልቅዳው አለ። እምቢ አልኩ። የተዋጠለት አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። ሬጌ ስትዘፍኑ ጃማይካዊ ለመምሰል አማርኛውን አታጣምሙ። ከጃማይካ ጋር ያለን ታሪክ ትልቅ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ የተደረገላቸው አቀባበል እስካሁን ይወራል፤ ሻሸመኔም ምስክር ናት። ያ ታሪክ ግን በእናንተ ቦታ አይዘፍንላችሁም። ባለ ሦስት ቀለም ኮፍያም እንደዚያው። "እንደ ቃል"ን ስትሰሙ ልብ በሉ፦ ምቱ ሬጌ ነው፣ አማርኛው ግን አማርኛ ነው። ምን እንዳለ ለመስማት አትታገሉም።

ቀጣዩን ሥራችሁን ስትልኩልኝ ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱ እናንተ እንደወደዳችሁት ይሁን። ሌላው ግማሹ መሣሪያ የወጣለት። እኔ ሁለተኛውን አስቀድሜ እሰማለሁ።