የኋላውን አየር በሞላ መቀየር፦ የፕራዶ 120 እና የሌክሰስ ጂኤክስ 470 ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። “መኪናዬ ጠዋት ስነሳ ኋላው ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ አየሩን አስወጥቼ ሞላ ላስገባ ወይ?” የሚል ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ እንነጋገርበት ብያለሁ። የምመልሰው ስለ ፕራዶ 120 (በፈረንጅ ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው) እና ስለ ወንድሙ ጂኤክስ 470 ነው። የሁለቱም ፊት ከፋብሪካ ጀምሮ ሞላ ነው። አየር የምለው በሞላ ፋንታ ኋላውን የሚሸከሙትን፣ ኮምፕሬሰሩ (የአየር መንፊያው) የሚሞላቸውን ሁለት የጎማ ከረጢቶች ነው። እሱ ያለው ኋላ ብቻ ነው፤ ፕራዶ ላይ ደግሞ ሁሉም የለውም። ስለዚህ ሥራው ከባድ አይደለም፤ በዘፈቀደ ከተሠራ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ጠያቂዎቹን ባሉበት ቦታ ስም ነው የጻፍኳቸው፤ “መላሽ” እኔ ነኝ። ስትጠይቁ ሞዴል፣ ዓመትና የምትጭኑትን ጭነት ጻፉ። ሌላው፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ሰሚት፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ፕራዶ 2005 ነው። ማታ ሳቆመው ደህና ነው፣ ጠዋት የኋላ ግራው ወርዶ ይታያል። ሳስነሳው ኮምፕሬሰሩ ረጅም ሰዓት ይጮሃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ጋራዥ “ሁለቱም አልቀዋል፣ በሞላ እንቀይረው” አሉኝ። ልቀይር?

መላሽ፦ አትቸኩል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ሁለቱም ማለቃቸውን በምን አወቁ? አንድ ጎን ብቻ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚያ ጎን ከረጢት ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ወደ ቫልቩና ወደ ኮምፕሬሰሩ ሂድ።

ምርመራው ወጪ የለውም። ማታ ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ፣ ግራም ቀኝም፣ ጻፈው። ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ድገመው። ቀጥሎ ከፍታውን ወደ ላይኛው አድርገህ ከረጢቱን በሳሙና ውሃ እርጨው። ከታች በኩል ጎማው ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ አቧራና ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። መጀመሪያ እጠበው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ እጥፋት ላይ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል እጥፋቱ ይሸፍነዋል፣ ከፍ ሲል ይገለጣል። ትንንሽ አረፋ እየተከታተለ ከወጣ አገኘኸው። ቱቦው ከከረጢቱ ጋር የሚገናኝበትንም እርጭ። እዚያ ያለችው ኦሪንግ (ቀጭን የጎማ ቀለበት) ስትደርቅ አየር ታሳልፋለች። ችግሩ እሷ ከሆነች ሞላ ምን ያደርግልሃል?

ኮምፕሬሰሩ ረጅም ሰዓት ይጮሃል ያልከው ግን ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ግፊት ለማምጣት እዚህ ረጅም ጊዜ መሥራት አለበት። የሚያፈስ ከረጢት ሲጨመርበት ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ብዙ ሰው አዲስ ኮምፕሬሰር ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ሌላ የሚገዛው ቀዳዳውን ሳይደፍን ስለሆነ ነው። ሪሌውንም (ለኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የሚለቅለትንና የሚያቋርጥበትን ማብሪያ) አስፈትሸው፤ ከተጣበቀ ኮምፕሬሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

የኔ ምክር ይኸው ነው፦ ከረጢት ብቻ ከሆነ ሁለቱን በጥንድ ቀይረህ አየሩን ይዘህ ቀጥል። ከረጢትም ኮምፕሬሰርም ከሄዱ ያኔ ሞላ ያዋጣሃል።

አዳማ፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መላሽ፦ ዋጋ አልጠራም። ዛሬ የምለው ለሳምንት አይሆንም። ሶማሌ ተራ ሦስት ሱቅ ጠይቅ።

ቨርጂኒያ፦ ጂኤክስ 470፣ 2006። ሁለቱም ከረጢት ተቀዷል፣ ኮምፕሬሰሩም አይሠራም። የሌክሰስ አከፋፋዩ የጠራልኝ ዋጋ ለመኪናው ከሚከፈለው ብዙም አይርቅም። እዚህ የፎርራነር ሞላ ከስክራፕ በርካሽ ይገኛል። ይገባል?

መላሽ፦ ይገባል። ከ2003 እስከ 2009 ያለው የቶዮታ ፎርራነርም ሆነ ኤፍጄ ክሩዘር የኋላ ሞላቸው እዚያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ያንተ ግን ቪ8 ነው፣ ሦስተኛ ወንበርም አለው። ለቀላሉ መኪና የተሠራ ያረጀ ሞላ ብታስገባበት ሻንጣ ስትጭን ኋላው ይተኛል።

ሞላ ብቻ ገዝተህ አትምጣ። የላይኛውና የታችኛው የጎማ መቀመጫ ያስፈልግሃል። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ ሲንቋቋ “ሞላው ኮፒ ነው” ይላል። መቀመጫውን አዲስ ግዛ። ሞላው ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም፣ ስንጥቅና የበላ ዝገት እስከሌለው ድረስ። በተለይ የመጨረሻውን ዙር ጫፍ እይ፤ ውሃ እዚያ ይተኛል፣ መሰበር የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ቦሌ፦ መኪናዬ ኋላው ይንጫጫል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የምን መኪና? ምን ዓመት? አየር ነው ሞላ? መንገድ ላይ ነው ሲቆም? እንዲህ ሆኖ ከተጠየቀ ምንም ልልህ አልችልም።

ጎተራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ሌክሰስ ላይ ሞላ ማስገባት መኪናውን መግደል ነው። ያ ለስላሳነት ባይኖር ሰው ለምን ይገዛዋል?

ቨርጂኒያ፦ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። የጓደኛዬን ተቀይሮ ነድቼዋለሁ።

ጎተራ፦ አንተ ያለህበት አስፋልት ነው። እዚህ ኮሮኮንች ላይ ነው የምንነዳው።

ቨርጂኒያ፦ ኮሮኮንች ከሆነማ ጭራሽ ሞላ ይሻላል! ከረጢቱን ድንጋይ ነው የሚበላው።

ሰሚት፦ ቪ8ቱ ቤንዚን ሲጠጣ ግን ስለ ከረጢት ማሰብ ትዝ ይላችኋል? በናፍጣ ብትይዙ ኖሮ . . .

ጎተራ፦ ናፍጣ ሰልፉ ላይ ስንት ሰዓት ቆምክ?

መላሽ፦ ነዳጁን ተዉት፣ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። የምቾቱን ነገር ግን ልመልስ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

አየር ጭነቱን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ባዶም ሆነ ሰባት ሰው ከነሻንጣው፣ ከፍታው ያው ነው። ሞላ ይህን አይችልም። ሞላ ስትገዛ አንድ ጭነት መርጠህ ለዘላለም ትይዘዋለህ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። “ጠንካራውን ስጠኝ” ብሎ 400 ኪሎ ሁልጊዜ ለሚጭን የተሠራውን ይገዛል። ከዚያ ባዶውን ሲነዳ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቡን ይመታዋል። ኋላው ከፍ ይልና አፍንጫው ይደፋል፣ ማታ መብራቱ መሬት ያበራል። ከዚያ “ሞላ አይመችም” ይላል። ሞላው ምንም አላደረገም፤ የሌላ ሰው ሞላ ነው የገዛው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ። በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትጭነው? ከተማ ውስጥ ብቻህን ወይ ከሁለት ልጅ ጋር ከሆንክ የፋብሪካውን መደበኛ ሞላ አስገባ፣ ሌላ አትመኝ። በየሳምንቱ ክፍለ ሀገር የምትወጣ፣ ጣሪያ ላይ ጭነት የምታስር ከሆነ መካከለኛውን። ከባዱ ከኋላው ተጎታች ለሚጎትት ወይም መኪናው ውስጥ ቋሚ ዕቃ ለገጠመ ሰው ነው። ሞላ ሠሪዎቹ ኦልድ ማን ኢሙም ሆነ ዶቢንሰን በጭነት ከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ሻጩን “ስንት ኪሎ ጭነት የሚሸከመው ነው?” ብለህ ጠይቀው። ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂድ። የሁለት በሩ አጭሩ ፕራዶና የአራት በሩ ረጅሙ ሞላቸው አንድ አይደለም፤ ይህንንም ተጠንቀቅ።

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጭን ደግሞ ሌላ መላ አለ። መደበኛ ሞላ አስገብቶ ሞላው ውስጥ ትንሽ የአየር ከረጢት መጨመር። ጎማ በሚነፋበት ቫልቭ ይነፋል። ስትጭን ትነፋዋለህ፣ ስታራግፍ ትቀንሰዋለህ።

ዱባይ፦ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ከተፈታ ፕራዶ የወጣ ሙሉ ሞላ ከነመቀመጫው ይሸጣል። ልላክ የምትሉ ካላችሁ ንገሩኝ።

ጎተራ፦ እሱን በግል ተነጋገሩ።

ቃሊቲ፦ እኛ ጋ የከባድ መኪና ሞላ ቆርጠው፣ በእሳት አስተካክለው ያስገባሉ። በጣም ርካሽ ነው። ምን ይላሉ?

መላሽ፦ አይሆንም። ሞላ በሙቀት ተመዝኖ የተጠነከረ ብረት ነው። ችቦ ሲነካው ያ ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፤ ወይ ይተኛል ወይ ይሰበራል። ሲቆረጥ ደግሞ የታችኛው ጫፍ መቀመጫው ውስጥ በትክክል አይገባም። መንገድ ላይ ሲዘል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና ነው። ገንዘብ ከሌለህ አየሩን አስጠግነህ ጠብቅ እንጂ ይህን አታድርግ።

ሲኤምሲ፦ ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 አለኝ፣ የሱንስ አየር በሞላ መቀየር ይቻላል?

መላሽ፦ ያንተ አየር አይደለም። በዘይት ግፊትና በጋዝ ሉል ነው የሚሠራው። ሌላ ሥራ ነው፣ እዚህ አንቀላቅለው።

ሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ፕራዶ 2007። ባለቤቴና ሦስት ልጆች፣ እናቴም አብራን ናት። በየወሩ አዲስ አበባ እንመላለሳለን። አንዱ ከረጢት ያፈሳል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሁሉም ሰው “አውጪው” ይለኛል።

መላሽ፦ እህቴ፣ አታውጪው። አየር የተሠራው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው፤ አንዴ ሞልተሽ፣ አንዴ ባዶ የምትነጂ ነሽ። ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱን ከረጢት አስቀይሪ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ሲቀየር መካኒኩ መኪናውን ከማንሳቱ በፊት ውስጥ ያለውን የከፍታ መቆጣጠሪያ ማጥፊያ ይጫን። ካላጠፋው ሲስተሙ መኪናው ከፍ ያለ መስሎት አየሩን ያስወጣል። ሲወርድ አዲሱ ከረጢት ያለ አየር ተጣጥፎ ይቀደዳል። ጎማ ለማስቀየር ስትቆሚም ይህን አትርሺ።

አዳማ፦ በግምት እንኳ ስንት ይሆናል? ሠላሳ ሺህ? መቶ ሺህ?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ መልሻለሁ። ሶማሌ ተራ።

ሲኤምሲ፦ እሺ የኔ አየር ካልሆነ ለምን ከፍና ዝቅ ይላል?

መላሽ፦ በዘይት ነው ብያለሁ። የኤልኤክስ ባለቤቶች ይመልሱልህ።

ጀሞ፦ አንድ ዘመዴ ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 አላቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ራሳቸው አይጽፉም። እሳቸውስ?

መላሽ፦ ሰላምታዬን አድርስላቸው። ዲስከቨሪ 3 አራቱም እግሩ አየር ነው፣ ሞላ ይዞ ከፋብሪካ የወጣም አለ። ሲቀየር ግን ኮምፒውተሩ ካልተነገረው ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። የእሱን ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ እንጂ በኔ መልስ አይሂዱ።

መገናኛ፦ የፕራዶውስ መብራት? ሞላ አስገብቻለሁ፣ ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፕሬሰሩም ይጮሃል።

መላሽ፦ የኮምፕሬሰሩን ፊውዝ ወይም ሪሌ ዛሬውኑ አውጣ። የሚሞላው ነገር ስለሌለው ሳያቆም ይሠራል፤ ባትሪህን ይጨርሳል፣ ሽቦውንም ያግላል። መብራቱ ብቻውን አይጎዳህም። አምፖሉን ነቅሎ መጣል ግን አልወድም፣ ለሚገዛህ ሰው መደበቅ ነው። ከፍታ የሚለኩት ሰንሰሮች ተንጠልጥለው ከቀሩ በሽቦ አስረህ ከአክስሉ አርቃቸው። በአንዳንድ መኪና የፊት መብራቱን ከፍታ የሚያስተካክለውም ያንኑ ሰንሰር አይቶ ነው፤ ስለዚህ ማታ ግድግዳ ፊት አቁመህ መብራቱ የት እንደሚያርፍ እይ።

ሰሚት፦ ጋሼ፣ በሳሙናው አየሁት፣ ከሁለቱም ከረጢት አረፋ ይወጣል። ኮምፕሬሰሩም ዛሬ ጠዋት ዝም አለ። ስለዚህ ሞላ። ሰኞ ጋራዥ ላስገባው ነው። አጠገቡ ቆሜ ምን ልይ?

መላሽ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ መቆጣጠሪያው ይጥፋ፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ግፊት ያለበት ከረጢት ሲፈታ እጅ ይሰብራል። መኪናው በሻንሲው ላይ በብረት መደገፊያ ይቁም፤ ክሪክ አክስሉን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ብቻ ነው። ማንም በክሪክ ብቻ ሥሩ አይግባ።

የአሞርዛተሩ የታች ብሎን ሲፈታ አክስሉ ይወርዳል። እዚህ ላይ ዓይንህን የፍሬን ቱቦው ላይ አድርግ። ከተወጠረ አቁሙ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦውንና ከዲፈረንሻሉ አናት የሚወጣውን ቀጭን መተንፈሻ ቱቦም እንዲሁ።

ከረጢቱ ሲወጣ መቀመጫው ይጽዳ፣ ዝገቱ ይፋቅ። ከዚያ አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያቆመው ጎማ መኖሩን ጠይቅ። ብዙ የአየር ከረጢት ይህን ጎማ ውስጡ ይዞ ነው የሚሠራው፤ ከረጢቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ሞላ ብቻ ገብቶ ያ ጎማ ከሌለ በመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ብረት ከብረት ይጋጫል። “ያለሱም ይሄዳል” ካሉህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ሞላው ሲገባ የሞላው ጫፍ የጎማ መቀመጫው ላይ ካለችው እርከን ጋር ይግጠም። የግራና የቀኝ ምልክት ካለው አይቀያየር። አሞርዛተርህ ደህና ከሆነና ሞላው የፋብሪካ ቁመት ከሆነ አሞርዛተሩ ይቆይ። ከፍ ያለ ሞላ ከመረጥክ ግን ረጅም አሞርዛተር ያስፈልጋል፣ ኋላውን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ትንሽ ይገፋዋል። በጀት ለሚቆጥር ሰው የፋብሪካው ቁመት ይበቃል።

አክስሉን የሚይዙት ዘንጎች ብሎናቸው ከተፈታ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ወርዶ በጎማው ላይ ሲቆም ነው። አንጠልጥለው ካጠበቁት ጎሚኒው (የዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) ተጣሞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን በዓይንህ ካላየህ ሒሳብ አትክፈል።

ሲወጣ ከቸርኬው እስከ ፓራፋንጎው ለካ። ሞላው ሲለማመድ ትንሽ ይወርዳል፤ ከሳምንት በኋላ ደግመህ ለካና ብሎኖቹን አስፈትሽ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከጣት ውፍረት ከበለጠ ሞላው መቀመጫው ላይ ዞሮ ሊሆን ይችላል፣ መልሰህ አስፈትሸው። ቁጥሮቹን እዚህ ጻፍልኝ፣ አያቸዋለሁ።